ሁለተኛው ዲስክ ከመጣሉ በፊት፦ የሚቆራረጥ ሃርድ ዲስክና የኬብል ብልሽት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ፈጽሞ የማይነሣ መሣሪያ ብዙ አያስቸግርም፤ ብልሽቱ ባለበት ስለሚቆይ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየለዩ መፈተሽ ይቻላል። የሚያስቸግረው አንዳንዴ ሠርቶ አንዳንዴ የሚጠፋው ነው። እዚህ የሚቀርበው ጉዳይ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ሲሆን፣ የደረሰውም በአዲስ አበባ የሠርግና የልዩ ልዩ ዝግጅት ቪዲዮ በሚያዘጋጅ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ነው። ለመመዝገብ የበቃው ላይ ላዩን አንድ የሚመስለው ምልክት ከሁለት የተለያዩ ብልሽቶች የመነጨ ሆኖ በመገኘቱ፣ ሁለቱም ብልሽቶች ከዲስኩ ውጭ በመሆናቸውና ለዚህ የሚያስፈልገው ማስረጃ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዲስኩ ውስጥ ተጽፎ በመቆየቱ ነው። የስቱዲዮው፣ የባለቤቷና የሠራተኞቹ ስም እንዲሁም የዕቃዎቹ ብራንድ ሆን ተብሎ አልተጠቀሰም።

የቦታውና የመሣሪያው ሁኔታ

ስቱዲዮው ለቅንብር የሚጠቀምበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዊንዶውስ የተጫነበት አንድ ኤስኤስዲ እና እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ፣ ባለ 3.5 ኢንች ሁለት ሃርድ ዲስኮች ነበሩት። አንዱ በእጅ ያለ ሥራ የሚቀመጥበት ነው፤ ሌላው ተጠናቆ ለደንበኛ የተሰጠ ሥራ የሚከማችበት ነው። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን «የሥራ ዲስክ»፣ ሁለተኛውን «የማኅደር ዲስክ» እላቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ በሚያሠራ መሣሪያ) በኩል ነበር።

ኬዙ ከጠረጴዛ ሥር፣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ሲገጣጠም ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ ሁለቱም ዲስኮች የተጨመሩት ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል ከሚያከፋፍለው ሣጥን) የሚወጣው የሳታ (የዲስክ ማገናኛ ዓይነት) የኃይል መስመር ዲስኮቹ እስከተገጠሙበት ቦታ ድረስ ስላልደረሰ፣ የገጠመው ሰው ከአሮጌው ባለ 4 ፒን መሰኪያ ላይ ተነሥቶ ለሁለት የሚከፍል ማከፋፈያ፣ በተለምዶ ስፕሊተር የሚባለውን፣ ተጠቅሟል። የሥራ ዲስኩ የዳታ ኬብል ከሌላ ኮምፒውተር የተነቀለ ነበር፤ ጫፉ ላይ የብረት መቆለፊያ የለውም፤ ከኃይል ገመዶቹ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ከዲስኩ በሚወጣበት በኩል ደግሞ የኬዙ የጎን ክዳን ሲገጠም ተጭኖት ይታጠፋል። ክዳኑ ሲከፈት ይህ ሁሉ ነጻ ስለሚሆን፣ ከፍቶ ለሚያይ ሰው ኬብሉ ምንም የሆነ አይመስልም።

ችግሩ እንዴት ይታይ ነበር

የተቀናበረ ቪዲዮ ወደ ሥራ ዲስኩ በሚወጣበት ጊዜ ሂደቱ በድንገት ይቆማል፣ የዲስክ መብራቱ ሳይጠፋ በርቶ ይቀራል፣ መላው ዊንዶውስ ለጥቂት ጊዜ ይደርቃል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በሌላ ቀን ግን ዲስኩ ከዝርዝሩ ጨርሶ ይጠፋና የቅንብሩ ፕሮግራም «ሚዲያ ኦፍላይን» የሚለውን ቀይ ገጽ ያሳያል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ግን ሪስታርት ማድረግ ስለማይበቃ ጨርሶ አጥፍቶ ማብራት ያስፈልግ ነበር። ከኤዲተሮቹ አንዱ ኬዙን በጎኑ መታ መታ ሲያደርገው ዲስኩ እንደሚመለስ ደርሶበታል። ይህን የነገረኝ እንደ ቀልድ ነበር፤ ነገር ግን በመግለጫዎቹ ሁሉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ፍንጭ አልነበረም።

የስቱዲዮው ባለቤት ችግሩ ከሰዓት በኋላ እንደሚበዛ አስተውለው ነበር፤ በዚህም የተነሣ መብራቱ በሚዋዥቅበት ሰዓት የሚመጣ የኤሌክትሪክ ጣጣ ነው ብለው ደምድመዋል። ግምቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ከሰዓት በኋላ የሚበዛ ሌላም ነገር ነበረ፤ ጠዋት የተቀናበረው ሁሉ ወደ ዲስክ የሚወጣው፣ ቀድሞ ያለቀው ደግሞ ከሥራ ዲስኩ ወደ ማኅደር ዲስኩ የሚገለበጠው በዚያው ሰዓት ነው።

ከዚህ በፊት የተሞከረው

ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ባለሙያ አይቶት ነበር። በመጀመሪያ ቫይረስ ነው ተብሎ ተፈተሸ፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ እንደገና ተጫነ፣ ከዚያም ቼክዲስክ የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ ማስተካከያ ፕሮግራም ተካሄደ፤ በመጨረሻ ዲስኩ «ሞቷል» ተብሎ በአዲስ ተተካ። አዲሱ ለጥቂት ሳምንታት ያለችግር ከሠራ በኋላ ያው ምልክት ተመለሰ። ባለቤቷ የጠሩኝ ይህንንም ሁለተኛ ዲስክ ከመጣላቸው በፊት ነበር፤ የተሸጠላቸው ዕቃ ታድሶ እንደ አዲስ የቀረበ አሮጌ ዲስክ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬም ነበራቸው። እንዲህ ያለ ነገር በገበያ ላይ በእርግጥ ስለሚያጋጥም ጥርጣሬውን በዝምታ ማለፍ አልተገባም፤ ዲስኩ የሠራበት ጠቅላላ ሰዓት ሲታይ ግን ከተገዛበት ቀን ጋር ይስማማል።

አዲሱ ዲስክ ለጥቂት ሳምንታት ደኅና መሥራቱ ብዙዎችን የሚያሳስት ነጥብ ነው። ዲስክ ሲቀየር ኬብሉ ይነቀልና እንደገና ይሰካል፤ በዚህ እንቅስቃሴ የኬብሉ የብረት ንክኪዎች ስለሚፋተጉና አቀማመጣቸው ስለሚለወጥ፣ የደከመ ግንኙነት ለጊዜው ይሻሻላል። መሻሻሉ የመጣው ከመንቀልና ከመሰካቱ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለአዲሱ ዲስክ ይሰጣል።

በመጀመሪያ ፋይሉን ማዳን

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት የሥራ ዲስኩ ከኬዙ ወጥቶ፣ ኬብሉና ፓወር ሰፕላዩ ከተረጋገጠ ሌላ ኮምፒውተር ጋር በቀጥታ ተገናኘ፤ በውስጡ ያለውም በሙሉ ዲዲሬስኪው በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ተገለበጠ። ይህ ፕሮግራም የተነበበውንና ያልተነበበውን ቦታ በካርታ ፋይል እየመዘገበ ስለሚሄድ፣ ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ አስቸጋሪውን ቦታም ለመጨረሻ ያቆየዋል። ግልበጣው ከመጀመሪያው ሴክተር (የዲስኩ ትንሹ የመረጃ ክፍል) እስከ መጨረሻው ያለአንዳች የንባብ ስሕተት ተጠናቀቀ። ዓላማው ፋይል ማዳን ነበር፤ በተጓዳኝ ግን በራሱ ኬዝ ውስጥ በየዕለቱ የሚጠፋ ዲስክ በሌላ ኬዝ ውስጥ 4 ቴራባይት ሙሉ ሳይሰናከል መነበቡን አሳየን።

ቼክዲስክን በተመለከተ አንድ ነገር መባል አለበት። ይህ መሣሪያ የፋይል ሥርዓቱን ለማስተካከል በዲስኩ ላይ ይጽፋል። የሚጽፈው መሀል ላይ በሚቋረጥ ግንኙነት ከሆነ ግን ማስተካከሉ ራሱ ጉዳት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ስማቸውን አጥተው በአንድ ፎልደር ውስጥ የተከማቹ ቁርጥራጭ ፋይሎች ተገኝተዋል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ የደንበኞች ሥራ ነበሩ። ግንኙነቱ አስተማማኝ መሆኑ ሳይረጋገጥ፣ ቅጂም ሳይያዝ ቼክዲስክን ማስኬድ መቅደም የለበትም።

ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበው

ዘመናዊ ሃርድ ዲስኮች ስማርት የሚባል የራስ መከታተያ ሥርዓት አላቸው። በውስጡ በቁጥር የሚታወቁ ቆጣሪዎች አሉ። ቁጥር 5 ወደ መጠባበቂያ ቦታ የተዛወሩ ሴክተሮችን፣ 197 ዲስኩ ማንበብ ተስኖት ገና ውሳኔ ያልሰጠባቸውን፣ 198 ደግሞ በፍተሻ ጊዜ ሊነበቡ ያልቻሉትን ይቆጥራሉ። እነዚህ ሦስቱ የሚናገሩት ስለ ዲስኩ ገጽ፣ ማለትም መረጃው ስለሚጻፍበት ገጽታ ነው። 199 የሚናገረው ግን በዲስኩና በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) መካከል ስላለው መንገድ ነው።

የሳታ የዳታ ኬብል ሰባት ንክኪዎች አሉት፤ ሁለት ጥንድ ሽቦዎች መረጃን አንዱ ጥንድ በአንድ አቅጣጫ ሌላው በሌላ አቅጣጫ ይወስዳሉ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ መሬት (ግራውንድ) ናቸው። መረጃው ፍሬም በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ሲጓዝ ላኪው በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ 32 ቢት ያለው ሲአርሲ የሚባል የማረጋገጫ ቁጥር ያክልበታል። ተቀባዩ ያንኑ ስሌት ራሱ ይሠራል፤ ውጤቱ ካልተመሳሰለ ፍሬሙን አይቀበልም፣ ትእዛዙም እንደገና ይፈጸማል። በሰከንድ 6 ጊጋቢት በሚተላለፍበት መስመር ላይ ለአንዲት ቢት የሚደርሳት ጊዜ ከአንድ ናኖ ሰከንድ አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ምንም የማይመስል የንክኪ ድካም እዚህ ላይ ምልክቱን ያበላሸዋል። ለዚህም ነው ኬብል ሲታመም አስቀድሞ የሚታየው የተበላሸ ፋይል ሳይሆን መዘግየት የሚሆነው፤ ማረጋገጫው ሥራውን እየሠራ፣ መልሶ መላኩ እየበዛ ሄዶ በመጨረሻ መስመሩ ራሱ ይወድቃል።

ንባቡ የተወሰደው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ነበር። የሥራ ዲስኩ 5፣ 197 እና 198 ዜሮ ናቸው፤ አጠቃላይ ምልክቱም ሰማያዊ ሆኖ «ጥሩ» ይላል። በዚህ ፕሮግራም ላይ «ሲ7» ተብሎ በሚታየው በ199 አንጻር ግን 730 የሚል ቁጥር ነበረ። ፕሮግራሙ ካልተቀየረለት በቀር ጥሬ ቁጥሮችን የሚያሳየው በአሥራ ስድስት መሠረት በሚቆጠር አቆጣጠር ስለሆነ፣ ይህ 730 በተለመደው አቆጣጠራችን 1,840 ነው። ወደ አሥር መሠረት ሳይቀይሩ የሚያነቡ ሰዎች ቁጥሩን አሳንሰው እንደሚረዱት፣ ፊደል ያለበት ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ እንደሚያልፉት አይቻለሁ።

የ199 ቆጣሪ አንዴ ከወጣ አይወርድም፤ ኬብሉ ቢቀየርም ያለፈው ቁጥር ባለበት ይቀራል። አንድ ጊዜ የተወሰደ ንባብ ችግሩ የዛሬ ይሁን ያለፈ ዓመት አይናገርም ማለት ነው። ስለዚህ ዲስኩ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ቁጥሩ ከነሰዓቱ በወረቀት ላይ እንዲጻፍ ከኤዲተሩ ጋር ተስማማን። ወረቀቱ ብዙም ሳይሞላ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ትልቅ ፋይል በወጣ ቁጥር 199 ይጨምራል፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ሥራ ሳይኖር ሲቆይ አይጨምርም።

ከዚህ ጎን ለጎን የዲስኩ ረጅም የራስ ፍተሻ ተካሄደ። በዚህ ፍተሻ ዲስኩ ገጹን በሙሉ የሚያነበው ለራሱ ነው፤ የተነበበው መረጃ በኬብሉ አያልፍም። ፍተሻው ያለስሕተት አለቀ። ራሱን ሲያነብ የማይሳሳት፣ ለኮምፒውተሩ ሲያስተላልፍ ግን የሚሳሳት ዲስክ ሲገኝ ጥርጣሬው ከገጹ ወጥቶ ወደ መንገዱ ይዞራል።

የዊንዶውስና የሊኑክስ መዝገቦች

የክስተቶች መዝገብ በሚታይበት በዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር ውስጥ ዲስኩ በደረቀባቸው ሰዓታት ቁጥር 129 እና ቁጥር 153 የያዙ መልእክቶች ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው መሣሪያው መልስ በማጣቱ ግንኙነቱ እንደገና እንዲጀመር መደረጉን፣ ሁለተኛው አንድ የንባብ ወይም የጽሕፈት ትእዛዝ መደገሙን ያመለክታል። ዲስኩ ጨርሶ በጠፋባቸው ጊዜያት ደግሞ ዲስኩ ሳይታሰብ መነቀሉን የሚገልጸው ቁጥር 157 ይገኛል። መጥፎ ብሎክ ሲገኝ የሚመዘገበው ቁጥር 7 አንድም አልነበረም።

የመብራቱ ግምት የተዘጋውም በዚሁ መዝገብ ነው። ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ሲጠፋ ዊንዶውስ በሚቀጥለው መነሻ ላይ ቁጥር 41 የሚል መልእክት ይጽፋል። በመዝገቡ ውስጥ እንዲህ ያሉ መልእክቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ዲስኩ ከጠፋባቸው ሰዓታት ጋር የሚገጥም አልተገኘም። መብራት ይጠፋል፣ ዲስኩም ይጠፋል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ክስተቶች ነበሩ።

ለማረጋገጥ ያህል ኮምፒውተሩ በፍላሽ ከተዘጋጀ ሊኑክስ እንዲነሣ ተደርጎ ያው ከባድ ግልበጣ ተደገመ። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ ዋና ክፍል) በዚህ ረገድ ከዊንዶውስ ይልቅ ግልጽ ነው፤ የሲአርሲ ስሕተት መሆኑን በስሙ ጠርቶ ይጽፋል፣ መስመሩን እንደገና እንዳስጀመረ ይመዘግባል፣ ስሕተቱ ሲደጋገምበትም የመስመሩን ፍጥነት በሰከንድ ከ6 ወደ 3 ጊጋቢት ራሱ ያወርደዋል። እዚህም ያው ሆነ፤ ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ ስሕተቱ እጅግ ቀነሰ። ፍጥነት ሲቀንስ የሚሻል ችግር የምልክት ጥራት ችግር ነው። በነገራችን ላይ በ3 ጊጋቢት መሥራት ለተራ ሃርድ ዲስክ ጉዳት የለውም፤ መስመሩ በሰከንድ 300 ሜጋባይት ያህል ስለሚያሳልፍ ከዚህ በታች የሚያነብና የሚጽፍ ዲስክ ልዩነቱን አይሰማውም። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ይህን በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) በኩል ይፈቅዳሉ፤ ኬብል እስኪገኝ ድረስ ለአንድ ሁለት ቀን ማስታገሻ ይሆናል፣ መፍትሔ ግን አይደለም።

ኬብሉን ማለዋወጥ

መንገዱ ሲባል ሦስት ነገር ነው፦ ኬብሉ፣ የማዘርቦርዱ መሰኪያና የዲስኩ መሰኪያ። ከሦስቱ አንዱን ለመለየት አዲስ ዕቃ መግዛት አላስፈለገም። የማኅደር ዲስኩ ቅጂ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ የሁለቱ ዲስኮች የዳታ ኬብሎች ብቻ እርስ በርስ ተለዋወጡ፤ የማዘርቦርዱ መሰኪያዎችም፣ የኃይል መስመሮቹም እንደነበሩ ተተዉ። ክዳኑ ተገጥሞ፣ ኬዙ ወደ ግድግዳው ተመልሶ የተለመደው ሥራ ተሠራ። ክዳኑን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ መፈተሽ እዚህ ዋጋ አይኖረውም ነበር፣ ኬብሉን የሚጫነው ክዳኑ ነውና።

ውጤቱ አላሻማም። የሥራ ዲስኩ 199 ባለበት ቆመ፤ እስከዚያ ድረስ ዜሮ የነበረው የማኅደር ዲስኩ 199 መቁጠር ጀመረ። ስሕተቱ ዲስኩንም መሰኪያውንም ሳይሆን ኬብሉን ተከትሎ ሄደ። ኬብሉ ከውጭ ሲታይ ምንም ጉዳት የለበትም፤ በመሰኪያው ሥር ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ግን በመዝገቡ ላይ ስሕተት ወዲያው ይወጣል። ተወግዶ እንደገና በስሕተት እንዳይገጠም ተቆረጠ፤ በምትኩ ለሁለቱም ዲስኮች የብረት መቆለፊያ ያላቸው፣ ግማሽ ሜትር ያህል የሚረዝሙ አዳዲስ ኬብሎች ከክዳኑ በማይነኩበት በኩል ተዘረጉ፣ ማሰሪያውም ላልቶ ታሰረ።

ሁለተኛው ብልሽት

መድረቁ ጠፋ። የ199 ቁጥሮች በሁለቱም ዲስኮች ላይ ቆሙ። ጉዳዩ ተዘግቷል ለማለት በተቃረብንበት ጊዜ ግን የሥራ ዲስኩ እንደገና ከዝርዝሩ ጠፋ፤ ባለቤቷም «ያው ነው፣ አልተነካም» ብለው ደወሉ።

ያው ግን አልነበረም። በወረቀቱ ላይ ሌሎች ሁለት ቆጣሪዎችም ይመዘገቡ ነበር፤ ዲስኩ ስንት ጊዜ ኃይል እንዳገኘ የሚቆጥረው 12 እና ኃይል ሲቋረጥ የማንበቢያ ክንዱ ስንት ጊዜ ወደ ማረፊያው እንደተመለሰ የሚያሳየው 192። ዲስኩ በጠፋበት ዕለት ኮምፒውተሩ ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም፤ ሁለቱ ቆጣሪዎች ግን ጨምረዋል። 199 አልተንቀሳቀሰም። ዲስኩ በሥራ መሀል ኃይል አጥቶ እንደገና መነሣቱን በራሱ መዝገብ አስታወቀ ማለት ነው። ኤዲተሩም ሲጠየቅ፣ ከመጥፋቱ በፊት ቀጭ የሚል ድምፅና ሞተር የሚነሣ ዓይነት እየጎላ የሚሄድ ድምፅ እንደሰማ ተናገረ። በኬብሉ ብልሽት ጊዜ እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረም።

የኃይሉ ምርመራ በመጀመሪያ አሳሳተን። በመልቲሜትር ሲለካ 12 ቮልቱም 5 ቮልቱም ደኅና ናቸው። ኤቲኤክስ የተባለው የፓወር ሰፕላይ ደረጃ በሁለቱም መስመሮች ላይ 5 በመቶ መዋዠቅን ይፈቅዳል፤ ይኸውም ከ11.4 እስከ 12.6 እና ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ነው፤ ንባቦቹም በዚህ ውስጥ ነበሩ። ነገር ግን የተለካው ዲስኩ ሥራ ሳይኖረው ነው። የማከፋፈያው መሰኪያ የጀርባ ክዳን ተነሥቶ፣ መልቲሜትሩ ዝቅተኛውን ንባብ እንዲይዝ ተደርጎ፣ ዲስኩ ከቆመበት እንዲነሣ ሲደረግ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች ወረደ። በዚያው ቅጽበት በፓወር ሰፕላዩ ዋና መሰኪያ ላይ ያለው ግን አልወረደም። ቮልቱ የጠፋው በመካከላቸው፣ ሽቦው ከመሰኪያው ብረት ጋር በሚያያዝበት ቦታ ነበር። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሞተሩን ሲያስነሣ ከ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፔር ድረስ ሊስብ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ 0.3 ኦም ብቻ የሆነ የንክኪ ተቃውሞ 0.6 ቮልት ይበላል፣ ከአንድ ዋት በላይ ሙቀትም በዚያች ጠባብ ቦታ ያመነጫል። የመሰኪያው ፕላስቲክ በዚያ በኩል ቀለሙ ተለውጦ መገኘቱ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ማከፋፈያው ወጣ። ዲስኮቹ በኬዙ ውስጥ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ተዛውረው ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣው የሳታ መስመር ደረሳቸው። ከዚያ በኋላ 12 የሚጨምረው ኮምፒውተሩ ሲበራ ብቻ ሆነ፣ ዲስኩም አልጠፋም። ኤዲተሩ ኬዙን ሲመታ ዲስኩ ይመለስ የነበረው ለምን እንደሆነም ከዚህ በኋላ አስቸጋሪ ጥያቄ አልነበረም፤ ሁለቱም የላሉ ንክኪዎች በንዝረት ይነቃነቃሉ።

ያልሠሩ ሙከራዎች

የቫይረስ ፍተሻውና ዊንዶውስን መልሶ መጫኑ ምንም አልለወጡም። በእኔም ጊዜ የማዘርቦርዱ ድራይቨር ታድሷል፤ ዊንዶውስ ሥራ ሲጠፋ ዲስኩን እንዳያሳርፍና የሳታ መስመሩን ኃይል ቆጣቢ ሁኔታ ውስጥ እንዳይከት ተደርጓል። የመጨረሻው ሙከራ ምክንያት ነበረው፤ ኃይል ቆጣቢው ሁኔታ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ያንኑ ቁጥር 129 መልእክት ያመጣልና። እዚህ ግን ለውጥ አላመጣም፤ ስሕተቱ የሚመጣው ዲስኩ ሲያርፍ ሳይሆን ሲደክም መሆኑ ከወረቀቱ ይታወቅ ስለነበር ባይሞከርም ይቻል ነበር።

«ሞቷል» የተባለው ዲስክ

የመጀመሪያው ዲስክ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። 199ም 192ም በእርሱ ላይ ከፍተኛ ናቸው፤ በዚያው የዳታ ኬብልና በዚያው የኃይል መስመር ላይ ስለኖረ ይህ ይጠበቃል። 5 ዜሮ ነው። 197 ግን ጥቂት ሴክተሮችን ያሳይ ነበር፤ ላይ ላዩን ለሚያነብ ሰው የሞቱ ማረጋገጫ ይመስላል። በውስጡ የነበረው ከተገለበጠ በኋላ ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበት እንደገና ተነበበ። 197 ወደ ዜሮ ወረደ፣ 5ም አልጨመረም። ይህ የሚያሳየው ገጹ እንዳልተጎዳ ነው፤ በጽሕፈት መሀል ኃይል ሲቋረጥ ግማሹ የተጻፈ ሴክተር ከስሕተት ማረሚያው ጋር ሳይጣጣም ይቀርና የማይነበብ ሆኖ ይቆጠራል፤ እንደገና ሲጻፍበት ግን ይስተካከላል። ገጹ በእርግጥ የተጎዳ ቢሆን ኖሮ ዲስኩ ቦታውን በመጠባበቂያ ተክቶ 5ን ይጨምር ነበር።

ዲስኩ ለተጨማሪ ቅጂ ማስቀመጫነት ተመለሰ። የአንድ ሥራ ብቸኛ ቅጂ እንዲቀመጥበት ግን አልመከርኩም፤ ብዙ ጊዜ ኃይል በድንገት የተቋረጠበት ዲስክ ዛሬ ፍተሻ ማለፉ ለነገ ዋስትና አይሆንም።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰዱ ትምህርቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ከመሣሪያ ሁሉ የበለጠ የጠቀመው ያቺ ወረቀት ናት። ስማርትን አንዴ ከፍቶ ማየት ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ 5፣ 12፣ 192፣ 197፣ 198 እና 199 ከቀንና ከሰዓት ጋር ሲጻፉ ግን የትኛው ከየትኛው ክስተት ጋር እንደሚንቀሳቀስ ይታያል። 199 ብቻውን ከጨመረ የዳታ ኬብል፣ 12 እና 192 ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ከጨመሩ የኃይል መስመር፣ 5 ወይም 197 እያደጉ ከሄዱ ዲስኩ ራሱ ይጠረጠራል። ይህ ግን ያለገደብ የሚሠራ ሕግ አይደለም። 199 ዲስኩ ራሱ ያስተዋለውን ስሕተት ስለሚቆጥር፣ ከዲስኩ ወደ ማዘርቦርዱ በሚሄደው አቅጣጫ ያለ ብልሽት በእርሱ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ዜሮ የሆነ 199 ኬብሉን ነጻ አያወጣም፤ የኮምፒውተሩ መዝገብም አብሮ መታየት አለበት።

ሁለት ብልሽቶች በአንድ ጊዜ ሊኖሩ መቻላቸው የአሠራር ቅደም ተከተልን ይወስናል። የዳታ ኬብሉም፣ ማከፋፈያውም፣ የዲስኩ ቦታም በአንድ ቀን ቢቀየሩ ኖሮ ችግሩ ይጠፋ ነበር፤ ደንበኛውም ደስ ይለው ነበር። የትኛው ምን እንዳደረገ ግን አይታወቅም፣ ጥፋተኛው ኬብልም ወደ ዕቃ ሳጥን ተመልሶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይገጠማል። ጊዜ በሌለበት ቦታ ሁሉንም መቀየር ያስኬዳል፤ የተነቀለውን ሁሉ መጣል ግን ግዴታ ይሆናል።

የሳታ የዳታ ኬብል በደረጃው መሠረት ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ተራው የውስጥ ኬብል መሰኪያም ለ50 ያህል መንቀልና መሰካት የታሰበ ነው። በጥገና ቤት ውስጥ ለፍተሻ የሚያገለግል ኬብል ይህን ቁጥር በቶሎ ያልፋል፤ የፍተሻ ኬብሉ ራሱ ሲበላሽ ደግሞ ደኅና ዲስኮችን በተከታታይ ያስኮንናል። ከመርካቶ ከሌላ ኮምፒውተር የተነቀለ ኬብል የሚገዛ ሰው ስንት ጊዜ እንደተሰካ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከዲስክ ዋጋ አንጻር የአዲስ ኬብል ዋጋ ከቁም ነገር ስለማይገባ፣ በዚህ ላይ መቆጠብ ትርጉም አይሰጥም። የኃይል ማከፋፈያ ከተቻለ አለመጠቀም፣ ካልተቻለም ሽቦዎቹ በፕላስቲክ ውስጥ በአንድነት ቀልጠው ከተደፈኑበት ዓይነት መራቅ ይመከራል፤ በዚህ ዓይነቱ ውስጥ ሽቦዎች እርስ በርስ ተገናኝተው የተቃጠሉበት አጋጣሚ በጥገና ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ዲስክ በእርግጥ የሚሞትበት ጊዜም አለ። 5 እና 197 ከቀን ወደ ቀን ካደጉ፣ ረጅሙ የራስ ፍተሻ በንባብ ስሕተት ከቆመ፣ ወይም ችግሩ ዲስኩን ተከትሎ በተረጋገጠ ኬብልና በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከታየ ኬብል መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው፤ ያለውን በቶሎ ገልብጦ ዲስኩን ማሰናበት ይገባል።

በላፕቶፕና በውጫዊ ዲስክ ላይ አካሄዱ ትንሽ ይለያል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ውስጥ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው እንደ ወረቀት በሳሳ ሪባን ኬብል ነው፤ ይህም ከአካሉ ጋር እየተፋተገ ሲጎዳ ያንኑ 199 ያስቆጥራል። በውጫዊ ዲስክ ላይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የዩኤስቢ ኬብሉና ጠፍጣፋው ሰፊ መሰኪያ ነው፤ በብዛት ስለሚነቀል ቶሎ ይላላል። የዩኤስቢ መቀየሪያ ሰሌዳው የስማርትን ንባብ የማያሳልፍ ሲሆን ዲስኩን ከቀፎው አውጥቶ በቀጥታ በሳታ ማገናኘት ይረዳል። ሆኖም በአንዳንድ ውጫዊ ዲስኮች የዩኤስቢ መሰኪያው በዲስኩ ሰሌዳ ላይ በቀጥታ የተበየደ በመሆኑ ይህ አይቻልም፤ በእነርሱ ላይ ኬብሉን በአዲስ፣ የዩኤስቢ ወደቡን በሌላ ኮምፒውተር ወደብ ለውጦ ሞክሮ፣ ችግሩ ካልጠፋ መሰኪያውን በብየዳ ለሚያድስ ሰው መስጠት ነው የሚቀረው።